ከበረዶው በፊት

የመድን ድርጅቱ መርማሪ የጣት አሻራ ማተሚያውን ከፍቶ ከሞላው ቅጽ ጋር በተሰረጎደው የመኪናዋ ኮፈን ላይ ለእናትየው አስቀመጠላት።

«እዚህ ጋ አንዴ ጫን ያድርጉልኝ፣ እማማ። ልጅዎ አይታዋለች።»

መኪናዋ በእናትየው ስም ናት፤ ተማሪ እያመላለሰች ቤቱን የያዘችባት ግን ልጅየዋ ነች። ከትናንት በስቲያ የወረደው በረዶ የፊት መስታወቷን አርግፎ ጣሪያዋን ቀጥቅጦታል። መድኑ ካላሠራት ከግቢ አትወጣም።

«እስቲ ላንብበው» አለች እናትየው።

«እማዬ፣ ሰውዬው እኮ እዚህ አያድርም» አለች ልጅየዋ እየሳቀች።

እናትየው ወረቀቱን አነሳች። ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው። የወረቀቱ ፊደሎች በምትማርበት ሰሌዳ ላይ እንዳሉት ሰፋፊ አልነበሩም፤ ጉንዳን ይመስላሉ። ጣቷን እያስከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሄደች። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። ተመልሳ አነበበችው።

ጉዳቱ ከበረዶው በፊት የነበረ ነው።

ወደ መርማሪው ቀና አለች።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ስባሪ መስታወት የለ፣ ቅጠል የለ፣ ጭቃ የለ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለ መርማሪው።

መኪናዋን ያጠበቻት እናትየው ራሷ ናት። ጠዋት፣ ሰው ይመጣብኛል ብላ፣ ስባሪውን ከወንበሮቹ ላይ አንድ በአንድ ለቅማ ጥላ፣ ለእንግዳ እንደሚሰናዳ ቤት አጽድታ ጠበቀችው። ንዴቷ መጀመሪያ ወደ ራሷ ዞረ። እዚያ ግን ብዙ አልቆየም።

ከመኪናዋ አጠገብ ወደቆመው የውኃ በርሜል ሄዳ የብረት ክዳኑን አነሳችው። እሱም እንደ ኮፈኑ ተሰርጉዷል።

«ይሄንንስ? እየነዳሁት ገጭቼው ነው?»

መርማሪው ክዳኑን አየ፤ ሰዓቱን አየ። «ቅጹ አንዴ ተሞልቷል፣ እማማ። መቀየር የኔ ሥልጣን አይደለም።»

«ስትሞላውስ የማን ሥልጣን ነበር?»

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች።

«አይተሽዋል ወይስ አንብበሽዋል?»

ልጅየዋ ወረቀቱን ወስዳ አነበበች። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረችው እሷ ናት። ጨርሳ ቀና ማለት አቃታት።

«ማተሚያህን አንሳ» አለች እናትየው። «እስክሪብቶ ስጠኝ፤ የሆነውን ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘርግታ ከሦስተኛው መስመር ሥር ጀመረች። የእስክሪብቶው ጫፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱን በሳው። ፈቀቅ አደረገችው፤ እዚያም ጉድጓድ ነው። በኮፈኑ ሙሉ መዳፍ የምታህል ለጥ ያለ ቦታ አጣች።

ልጅየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ከፊቷ ጎንበስ አለች። እናትየው ወረቀቱን ልጇ ጀርባ ላይ አድርጋ፣ እያንዳንዷን ፊደል ጫን እያደረገች መጻፍ ጀመረች።