የኦቦ ቱፋ ዳኮታ

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ በር ይንኳኳል፤ ባለቤቱ ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ማንም ሳይናገር ይገባዋል። ይህን ሥርዓት ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አምቦ ግን በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ አበላሸችው፤ ያበላሸችውም በደግነት ነው።

የዚያን ዕለት አሥራ አንድ ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ወደ ኦቦ ቱፋ ቤት ሄዱ። ከፊት ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ኦቦ ዓብዲሳ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ጨርቅ ነጋዴው ፈዲሉ፤ እሱና ቱፋ ስምንት ዓመት በአንድ አጥር ኖረዋል። ወሬው መጀመሪያ የደረሰውም ለፈዲሉ ነው። መርጋ የሚባል የጉደር ልጅ አንድ እግሩን ሰሜን ጥሎ ሲመለስ፣ ሱቁ ደጃፍ ክራንቹን አስደግፎ፣ "የኦቦ ቱፋ ልጅ፣ ኢዶሳ ሞቷል። አንድ ጦር ውስጥ ነበርን። ለአባቱ ግን እኔ አልነግርም፤ አልችልም" አለውና ሄደ። ኢዶሳ ለቱፋ አንድ ልጁ ነው። እናቱ ከሞተች ቆይታለች።

ኦቦ ዓብዲሳ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ራሱ ተከፈተ። ቱፋ በቱታና በቦቲ ጫማ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ብቅ አለ።

"እናንተ! ማን ነገራችሁ? መኪናው ጭቃ ይዞት ሰው ፍለጋ ልወጣ ነበር እኮ! ገለቶማ! ጌታ ይባርካችሁ!"

ዞር ሲሉ እውነትም አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና መንገዱ ዳር እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። የጫነው የአውሮፕላን አፍንጫ ነው። መስታወቱ፣ ሁለቱ ወንበሮች፣ መሪዎቹ፣ ሰዓት የሚመስሉት ቆጣሪዎች ሁሉ አሉ፤ ከአንገቱ ወዲያ ግን በመጋዝ ተቆርጧል። ቱፋ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት አውሮፕላን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ይህን የድሮ ዳኮታ አፍንጫ ከአንድ ቁራጭ ብረት ነጋዴ ግቢ አግኝቶ ማምጣቱ ነው።

ኦቦ ዓብዲሳ ፈዲሉን አዩት። ፈዲሉ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻቸውን ለመኪናው ሰጡ። ምን ያድርጉ? የቀሩትም ተከተሏቸው። ሊያስለቅሱ የመጡ አሥራ አንድ ሰዎች "ሆ! ሆ በል!" እያሉ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው የሟቹን አባት አውሮፕላን ጓሮው አገቡለት። ሲጨርሱ ሻይና ዳቦ ቀረበላቸው፤ በሉም።

"ለኢዶሳ ነው" አለ ቱፋ ሻዩን እየቀዳ። "የአብራሪነት ፈተናውን የወደቀው በእኔ ጥፋት ነው። ጽሑፉን አልፎ ነበር፤ የበረራ ማለማመጃው ውስጥ ሲያስቀምጡት እጁ ተንቀጠቀጠ። ሃያ ሁለት ዓመት አውሮፕላን ስፈታ ስገጥም ልጄን አንድ ቀን ወንበሩ ላይ አላስቀመጥኩትም። በወደቀ በአራተኛው ወር ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። መጋቢት ላይ ሠላሳ ወሩን ይጨርሳል። ሲመጣ እዚሁ ጓሮዬ ይለማመድና እንደገና ይፈተናል። አሁንስ አይወድቅም።"

ሲመለሱ መንገድ ላይ "አውሮፕላኑን ሠርቶ ይጨርስና ይነገረው" ያለው ፈዲሉ ነው። ሌሎቹ ይህችን ቃል የሚጠብቁ ይመስል ወዲያው ተስማሙ። ቀበሌውም ወረቀት ሳይመጣ የወታደር ለቅሶ አይወድም ተባለ፤ ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከጉደር እስከ እንጭኒ ገበያ ሰው ሁሉ ያወቀውን ቱፋ ብቻ ሳያውቀው ከረመ። አሥራ አንዱ ሰዎች ግን ከጓሮው አልጠፉም። እፍረት እግር አለው መሰለኝ፣ በየሳምንቱ ያመላልሳቸዋል። አናጢው ያለ ዋጋ መቆሚያውን ሠራ። ብስክሌት ጠጋኙ ካቴናና የፍሬን ገመድ አመጣ። ፈዲሉ አርባ ሜትር አቡጀዲ ቆረጠ። አውሮፕላኑ የሚሄድ እንዲመስል፣ ከመስታወቱ ፊት አገር የተሳለበት ጨርቅ ከአንድ እንጨት ተተርትሮ በሌላው ይጠቀለላል፤ ሥዕሉን ኦቦ ዓብዲሳ ይሥላሉ። ፈዲሉ ጨርቁን ሲለካ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ከዚያው ጣቃ ላይ ለስንቱ ከፈን ቆርጧል።

ቱፋ ደግሞ በሕይወቱ እንደዚያ ወቅት ደስ ብሎት አያውቅም። "የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲሉ ለወግ ይመስለኝ ነበር" ይል ነበር። "እንዲህ እንደምትወዱኝ ግን አላውቅም ነበር፣ ፈዲሉ። ሚስቴ ስትሞት እንኳ ይህን ያህል ሰው አልጠየቀኝም።" በጥር የኦቦ ዓብዲሳ ልጅ ስትዳር ሠርጉ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ቤቱ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ ዓይኑን ከእሱ ያሸሽ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የፈዲሉ ሚስት ሐሊማ በባሏ ላይ ተነፈሰች። "አላህን አትፈራም? ልጁ ሞተበት፤ አንተ ደግሞ ለቅሶውን ቀማኸው። ምንም ሳያውቅ ስንት ወር ይስቃል?"

"ደስ ብሎት አይቼው እንዴት ብዬ…"

"ደስታው የሱ አይደለም። እናንተ ናችሁ ያበደራችሁት፤ ስትቀበሉት እናየዋለን።"

ፈዲሉ ሦስት ጊዜ ለቱፋ ሊነግረው ሄዶ፣ ሦስቱንም ጊዜ መፍቻ አቀብሎት ተመለሰ።

መጋቢት ገባ። ቱፋ የልጁን አልጋ አውጥቶ ፀሐይ ሲያስመታ ኦቦ ዓብዲሳ አዩና መሮጥ የማይችሉት ሰውዬ እየሮጡ ፈዲሉ ሱቅ ደረሱ። "እሑድ ጎህ ሲቀድ" አሉ። "ከዚህ በኋላ አንዲት ቀን ብንጨምር ፈጣሪም ይጣላናል።"

ቅዳሜ ከሰዓት ቱፋ በአጥሩ ላይ ተጣራ። "ፈዲሉ! ኮቱ፣ ና! አለቀ! የመጀመሪያው ተሳፋሪ አንተ ነህ!"

ፈዲሉ ሄደ። ቱፋ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ በግራው ወንበር ተቀምጧል። ፈዲሉን በቀኙ አስቀምጦ ጨርቁን የሚዘውረውን እጀታ አስያዘው፤ ጆሮው ላይም ማዳመጫ ደፋለት። ከዚያ ከከፍታ ቆጣሪው ጀርባ የወጣችውን ቀጭን የጎማ ቱቦ አሳየው። "ይህ ሞኝ ነው" አለ እየሳቀ። "አየሩን ስትስብለት ወደ ላይ የወጣ ይመስለዋል፤ ስትነፋበት የወረደ። በል ዘውር፣ ወደ አስመራ ነን! ሄደን ልጁን እናመጣዋለን።"

ፈዲሉ ዘወረ። ጉደር መጣና አለፈ። የካቺሲ ገበያ፣ ቀጥሎ የዓባይ በረሃ ከነገደሉ፣ የጎጃም ጤፍ ማሳ፣ ጣና። ቱፋ ቱቦውን እየሳበ ቆጣሪውን ያወጣል፤ መሪውን ቀስ አድርጎ ያዘነብላል፤ ወንበራቸው በብስክሌት ገመድ እየተሳበ አብሮ ያዘነብላል። እውነት ለመናገር ፈዲሉ ለትንሽ ጊዜ ሁሉንም ረስቶ ነበር። በረዶ ያለበት ተራራ አለፈ፤ ተከዜ ቀጭን ሰማያዊ ሆኖ መጣ። ከተከዜ ወዲያ ጨርቁ ነጭ ነው።

"ዓብዲሳ ቀለም አለቀብኝ አሉ" አለ ቱፋ። "ግድ የለም፣ ደመና እንበለው። አሁን አንተ የአስመራ ታወር ነህ፤ ስጠራህ መልስ።" ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን እንደ ሬዲዮ ሰው አወፈረ። "አስመራ ታወር፣ ከአምቦ ነው የመጣሁት። ወታደር ኢዶሳ ቱፋን ልወስድ ነው። ለመውረድ ፈቃድ ስጠኝ።"

ፈዲሉ እጀታውን አቆመ። ነጩ ጨርቅ ፊታቸው ቀጥ ብሎ ቀረ።

"ታወር! አትሰማም እንዴ?"

"ቱፋ" አለ ፈዲሉ። "ኢዶሳ የለም። ሞቷል።"

ቱፋ መሪውን አልለቀቀም።

"መቼ?"

"ሐምሌ ላይ።"

"አንተ መቼ ሰማህ?"

"ነሐሴ። መኪናህን ጭቃ የያዘው ዕለት… የመጣነው ልንነግርህ ነበር።"

ቱፋ ያኔ ዞሮ አየው። "ሁላችሁም?"

"ሁላችንም።"

"ሠርግ ላይ ጨፈርኩ" አለ ቱፋ ቀስ ብሎ። "እየጨፈርኩ አያችሁኝ። ልጄ ከሞተ ስድስት ወሩ፣ እኔ እስክስታ ስመታ አጨበጨባችሁልኝ። እና፣ ፈዲሉ፣ ለዚህ ነው እንዴ የምትወዱኝ የነበረው?"

ፈዲሉ አለቀሰ። ማልቀስ የነበረበት ሰውዬ ግን አላለቀሰም።

"የት ነው የወደቀው?"

"አብሮት የነበረው፣ ወሬውን ያመጣልን መርጋም ስሙን አያውቀውም። ተራራ ነው፤ እነሱ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ነጥብ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሁለት።"

ቱፋ ይህን ያውቃል። ወታደር ተራራን የሚጠራው ካርታው ላይ በተጻፈው ከፍታ ነው፤ በሜትር። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወደ አውሮፕላኑ መለኪያ፣ ወደ ጫማ መለሰው። "አምስት ሺህ ስድስት መቶ ገደማ። ከአምቦ ያንሳል" አለ። "ከቤታችን ዝቅ ያለ ቦታ ነው።" ቱቦውን ወደ አፉ ወሰደና ነፋ። የቆጣሪው ቀስት ወረደ፤ ስድስት ሺህን አለፈ፤ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ሲደርስ ቱፋ ጉንጩን ወጥሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ እዚያው ያዘው። ትንፋሹ ሲያልቅ ቀስቱ ተመልሶ ወደ አምቦ ወጣ። ደግሞ ነፋ። ደግሞ ወጣበት።

"ከፍታውን ብቻ ሰጣችሁኝ" አለ በመጨረሻ እያለከለከ። "አገሩን ሁሉ በዚህ ከፍታ ብዞር አላገኘውም።"

ያኔ አለቀሰ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ አሥራ አንዱ መጡ። በር የሚከፍት አልነበረም። ቱፋ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ነው፤ ቢለምኑትም፣ ኦቦ ዓብዲሳ እግሩ ላይ ቢወድቁም አልወርድም አለ። ሐዘንተኛ በግድ አይጎተትም። ስለዚህ የለቅሶውን ድንኳን ዳኮታውን ጨምረው ጓሮው ላይ ተከሉት። ለቀስተኛው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ይቀመጥና፣ ተራው ሲደርስ አንድ በአንድ ወጥቶ በቀኙ ወንበር አጠገቡ ይቀመጣል።

"እግዜር ያጥናህ" ይለዋል።

"አሜን" ይላል ቱፋ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ከካቺሲ የመጣውን ገበሬም፣ የክሊኒኩን ነርስም፣ አስተማሪውንም። "ነጥብ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሁለት የት እንደሆነ ሰምተህ ታውቃለህ?" ማንም አያውቅም። "ግድ የለም" ይልና ቀጣዩን ይጠብቃል። ልጃቸውን የላኩ እናቶች ቁጥሩን እየደጋገሙ ይወርዳሉ።

ፈዲሉ ሁለት ቀን ድንኳኑ ጥግ ሰው ሲያስተናግድ፣ ውሃ ሲያቀርብ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ወጥቶ ቀኙ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቱፋም ፊቱን አላዞረም። ውጪ ሐሊማ ከሴቶቹ ጋር ሙሾ ስታወርድ ይሰማል።

"ጠይቀኝ" አለ ፈዲሉ። "ሁሉን ትጠይቅ የለ። እኔንም ጠይቀኝ።"

"አንተን አልጠይቅህም" አለ ቱፋ፣ ቁጣ በሌለበት፣ በደከመ ድምፅ። "አንተ ብታውቅም አትነግረኝም።"

ፈዲሉ ተነሥቶ ወረደና ወንበሩን ለቀጣዩ ሰው ለቀቀ።