የጓሮ በር ሞተች

…መንበርከኩማ ቀላል ነው፣ መንበርከክ ማን ያቅተዋል፣ መነሣቱ ነው እንጂ፣ ቴልማ ቆማ ታያለች፣ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሽማግሌና አሮጊት እርጥብ ሣር ላይ ላስቲክ አንጥፈው በሆዳቸው ተኝተዋል፣ መንገደኛ ቢያያቸው አምቡላንስ ይጠራል፣ ምን ያድርጉ፣ አበባዪቱ አንገቷን ደፍታ ነው የምትበቅለው፣ ውስጧ ያለችውን አረንጓዴ ምልክት ለማየት ወይ አገጯን በጣት ቀና ማድረግ ነው ወይ እንደነዚህ መጋደም። የበረዶ ጠብታ። ነጭ፣ ከጣት ብዙም የማትረዝም፣ የየካቲት አበባ። አንዷን ከሌላዋ እለያለሁ ሲል ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል። ባሏ ሮላንድ ጨርሷል።

ጥቅምት ላይ ነው የሞተው። ስንት ዓመት ሙሉ እሱ ሣሩ ላይ ተጋድሞ፣ እሷ አጠገቡ ቆማ የሻዩን ፔርሙስ ይዛ፣ ኧረ ተነሥ ብርድ ይመታሃል፣ አንዴ ቆዪ ቴልማ፣ አንዴ ብቻ፣ ዛሬም ፔርሙሱን ይዛለች፣ ለማን እንደያዘችው እንጃ፣ ጠዋት እጇ በልማዱ የሁለት ሰው ሻይ ሞላበት፣ የሁለት ሰው መሆኑን ያወቀችው ክዳኑን ስትዘጋ ነው፣ ማፍሰሱ ደግሞ ከበዳት።

ቦርሳውም ትከሻዋ ላይ ነው። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ሸክላ፣ ሸክላዋ ውስጥ አፈር፣ አፈሩ ላይ የጓሮ በር።

ስሟ ነው። የአበባዪቱ ስም የጓሮ በር ነው። ሮላንድ አንድ የካቲት ከጓሮ በራቸው ሥር፣ ከተራዎቹ መሀል አገኛት፣ እንደሌሎቹ አረንጓዴ ሳይሆን ሆዷ ቢጫ፣ የቅቤ ቢጫ፣ አበባ የሚያውቁ ሰዎች መጥተው ተንበርክከው አዩና እንደዚህች ያለች የትም የለችም አሉ፣ ደንቡ ደግሞ ያገኘ ሰው ስም ያወጣል፣ ሰው የሚስቱን ስም ይሰጣል፣ የእናቱን፣ የውሻውን እንኳ የሰጠ አለ፣ ሮላንድ ግን ሳምንት ሙሉ አስቦ አስቦ፣ የጓሮ በር። በር! ፔርሙስ ተሸክማ የኖረች ሴት ከፊቱ ቆማ እያለች፣ ለበር። ጥሩ ስም ነው አለችውና ገብታ ዕቃ አጠበች፣ የታጠበውንም ደግማ አጠበች።

ቴልማዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ በረደሽ እንዴ?

ሮዛሊንድ ናት፣ የአበባ ወዳጆቹ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ጉልበቷ ላይ ጭቃ፣ አንገቷ ላይ ዕንቁ፣ መጥታ ክንዷን ቆልፋ ትይዛታለች፣ ሮላንድ በነበረ ጊዜ እኮ ይህች ሴት ስሟን እንኳ ይዛው አታውቅም፣ የሮላንድ ባለቤት ነበር የምትላት፣ ፊት ለፊቷ፣ የሮላንድ ባለቤት ሻይ ትጠጣ ይሆን፣ አሁን ቴልማዬ፣ አሁን የኔ ቆንጆ፣ ለገና ካርድ፣ ባለፈው ወር በእጇ የጋገረችው ኬክ፣ ከዚያ ስልክ፣ ከኛ ጋር ሳትመጪማ አንሄድም፣ እና መጣች፣ ምን ታድርግ፣ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፣ አንዳንዴ መልስ ትሰጠዋለች።

የጓሮ በርስ እንዴት ናት፣ ብቅ አለች?

ይቺ ታምራለች፣ ትላለች ቴልማ፣ እግሯ ሥር ያለችውን እያሳየች። ሮዛሊንድ ትስቃለች፣ እሷማ ተራዋ ናት የኔ እመቤት፣ እሷ በየመቃብሩ የምትበቅለዋ፣ ክንዷን ግን አትለቅም።

ዛሬ ልትሰጣቸው ነው የመጣችው። ሻይ ሲጠጡ ሸክላዋን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ፣ እንካችሁ፣ ተካፈሉ፣ ብላ ልትገላገል፣ እሷ እንደሆነ አታውቅበትም፣ ውሃዋን መቼ፣ ጥላዋን የት፣ አንድ ቀን ትገድላታለች፣ መስጠቱ ደግ ነው፣ ከዚያስ፣ ከሰጠች በኋላስ? ካርዱ ይቀራል፣ ኬኩ ይቀራል፣ ቴልማዬ ተመልሳ የሮላንድ ባለቤት ትሆናለች፣ ሮላንድም ስለሌለ እሱም ይቀርና ያቺ ሴትዮ፣ ማን ነበረች ያቺ ሴትዮ፣ ፔርሙስ የምትይዘው። ብቸኝነት ድሮ የሚመስላት ሰው ማጣት ነበር። ሰው መሀል ሆኖ ሸክላ ተሸካሚ መሆንስ ምን ይባላል።

ክሊፎርድ ከዚያ ማዶ ረጅም እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል፣ በእንጨት ጫፍ ባሰራት ትንሽ መስታወት የአበቦቹን ሆድ ከታች እያየ፣ ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ፣ አግብቶ የማያውቅ፣ የሮላንድ ጓደኛ፣ ዛሬ በመኪናው ያመጣት እሱ ነው፣ መንገዱን ሁሉ ያወራው ስለ ጎማ። ከቀብሩ ወዲህ በየእሁዱ ይደውላል። ማሞቂያው ይሠራል? ይሠራል። ድመቷስ? ደህና ናት። እኛ ጋ ዘንቦ ነበር። እኛም ጋ። ከዚያ ዝም፣ እስትንፋሱ ብቻ፣ ከዚያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ እህ፣ አበቦቹስ? ይኸው፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው፣ ሮዛሊንድ እንኳ በኬክ ነው የመጣችው፣ ይሄ በማሞቂያ። እሁድ ሲመሽ ግን ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ይህን ለማንም አትናገርም።

የመንደሩ አዳራሽ ይሞቃል፣ እርጥብ ሱፍ ይሸታል፣ በግድግዳው ዙሪያ በየጠርሙሱ አንዳንድ አበባ ለውድድር ቆሟል፣ ሰዎቹ ሬሳ እንደሚሰናበቱ ጎንበስ እያሉ በሹክሹክታ ያልፋሉ፣ ይቺ ወገቧ ሰፋ፣ ያቺ ምልክቷ ፈዘዘ፣ ሻዩ መጣ፣ ኬኩ መጣ፣ ሮዛሊንድ ስኳሩን ታቀርብላታለች፣ እና ቴልማዬ፣ አፍ አውጥቼ ልጠይቅሽ፣ የጓሮ በርን ምን አሰብሽላት፣ ለማኅበሩ ብትሆን ሮላንድ ራሱ ደስ ባለው። ማንኪያ እንኳ አይንኳኳም፣ ሁሉም ሻዩን ያያል፣ ሁሉም ይሰማል። አሁን ነው። ቦርሳውን ክፈቺ፣ እጇ ዚፑ ላይ ነው፣ የሸክላዋ ጠርዝ ጭኗን ይነካታል፣ ክፈቺና ተገላገዪ፣ አፏ ግን፣

ሞተች፣ ይላል።

ምን?

ሞተች። ሻጋታ በላት፣ ያ ግራጫው፣ ከነሥሯ።

ከየት አመጣችው፣ እሷም እንጃ፣ ሮላንድ ሲያወራ የሰማችው ነው፣ እሱ ከእሳት ይልቅ ያንን ሻጋታ ይፈራ ነበር፣ ሁሏም? ይላሉ፣ አንድ ራስ እንኳ አልተረፈም? አንድም። ከማዶ አንዱ፣ እኔ ጋ ብትሆን አትሞትም ነበር፣ ሌላው፣ አንተ ጋማ ካሮት እንኳ አይበቅል፣ ትንሽ ሳቅ፣ የሮዛሊንድ እጅ ከክንዷ ላይ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ፣ በይሉኝታ፣ እንዴት ያሳዝናል፣ ትላለች፣ ፊቷ የእውነት አዝኗል፣ ሮላንድ ሲቀበር እንዲህ አላዘነችም። ከዚያ ወሬው ወንበሩን ያዞራል። ከሆላንድ ስለመጣች አዲስ ዝርያ ነው፣ ሮዛሊንድም ጀርባዋ ብቻ ይታያል፣ ቴልማ ኬኳን ትቆርሳለች፣ ቁራሹን መልሳ ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች። አወቅሽው፣ ትላለች ለራሷ፣ ያለ አበባዪቱ ማን እንደሆንሽ? አወቅሁት። ለማወቅ አልነበረም የፈለግሽው? ነበር።

ክሊፎርድ ይነሣል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ አያያትም፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ካፖርቱን ያነሣል፣ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። እሱም። እሱስ ቢሆን ምን ቀረለት፣ አላልኩም? ብያለሁ፣ ግን እሱ ባይሆን ምን ነበረበት፣ ከሁሉም እሱ ባይሆን፣ እሁድ ሲመሽ አሁን ምን ይደረጋል፣ ደግሞ መኪናው የሱ ነው፣ እንግዲህ በእግሬ ልገባ ነው፣ ሊያስቃት ይከጅላል፣ አያስቃትም።

አልሄደም። መኪናው በሩ ላይ ነው፣ ሞተሩ ተነሥቶ ማሞቂያው በሷ በኩል ተከፍቶ፣ እሱ መነጽሩን እየጠረገ፣ የጠረገውን መልሶ እየጠረገ። ትገባለች። ቦርሳውን እግሯ ሥር ታደርጋለች። የድንጋይ አጥር፣ በግ፣ የድንጋይ አጥር፣ ጭጋግ፣ አንድም ቃል የለም፣ ስለ ጎማ እንኳ።

ቴልማ፣ አትቀየሚኝ እንጂ፣ እኔ ጋ አለች።

ምኗ?

የጓሮ በር። ስምንት ዓመት ሆናት። ሮላንድ አንድ ራስ ሰጠኝ፣ አደራ ናት፣ ለማንም እንዳትተነፍስ፣ የኛዋ ድንገት አንድ ነገር ብትሆን ለቴልማ ትመልስላታለህ አለኝ፣ አሁን አራት ሆናለች፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብናገር ቁርጥምጥም አድርገው ነበር የሚበሉኝ፣ ለዚህ ነው የወጣሁት፣ እሁድ ይዤልሽ እመጣለሁ።

ወጉን ታውቀዋለች፣ ብርቅ ያለው ሁሉ አንድ ራስ በታመነ ሰው ጓሮ ይደብቃል፣ ማን ጋ እንደሆነች ግን ሮላንድ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም፣ የበር ነገር ሲነሣ አትጠይቅም።

በስምሽ ሊጠራት ነበር እኮ፣ ይላል፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ። ሳምንቱን ሙሉ አልተኛም። በኋላ፣ ቴልማ በሰበሰች፣ ቴልማን ቀንድ አውጣ በላት ሲባል መስማት አልችልም አለኝ። በር ቢበሰብስ ይቀየራል አለ።

ሞኝ። ሮላንድ፣ አንተ ሞኝ። አንድ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ የታጠበ ዕቃ ደግሜ ባላጠብኩ፣ መስኮቱ ይደበዝዝባታል፣ ጭጋጉ ነው ትላለች ለራሷ፣ ጭጋጉ ግን ውጭ ነው፣ ከዚያ ሌላው ነገር ዘግይቶ ይደርስባታል፣ ስምንት ዓመት፣ ስምንት ዓመት እሱ ጋ ነበረች ማለት እኮ…

ታዲያ ለምንድነው እሁድ እሁድ አበቦቹስ የምትለኝ?

ምን ልበል ታዲያ፣ ይላል ክሊፎርድ፣ ጆሮው ይቀላል። ስልኩን መዝጋት ሲያቅተኝ ነዋ።

ማሞቂያው። ድመቷ። እኛ ጋ ዘንቦ ነበር። ጉዳዩ ወሬው ራሱ ነበር፣ ከኋላው የተደበቀ ምንም አልነበረም፣ ስንት እሁድ የሰውዬውን እስትንፋስ እየሰማች አሁን ይጠይቃል አሁን ይጠይቃል ስትል። ቦርሳው እግሯ ሥር። ዝም ብትል ይመጣል፣ እሁድ ይመጣል፣ ሸክላውን አቅፎ በሩ ላይ ይቆማል፣ ግባ፣ ሻይ አለ፣ ብትናገር ግን ለምን ይመጣል፣ ምን ይዞ፣ ደግሞስ ለውሸታም፣ ዝም በዪ ቴልማ፣ ዝም ማለት ታውቂበታለሽ፣ ከዚያ ግን እሱ በመጣ ቁጥር ሸክላዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ልትደብቅ ነው፣ አበባ በጨለማ፣ እሱ ሳሎን እሷ ጓዳ፣ ይህን ሰውዬ እንዲህ፣ ይህን?

ዚፑ ይከፈታል። ጋዜጣው ይንኮሻኮሻል። ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣታለች።

ክሊፎርድ ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ መልሶ ያያል፣ መኪናውን ከአንድ የበግ በረት ጥግ ያቆማል። ሞተሩ ይጠፋል። አሁን ይቆጣል፣ አሁን ውረጂ ይላል፣ እሱ ግን በጣቱ የአበባዪቱን አገጭ ቀና ያደርጋል፣ ቢጫ፣ የቅቤ ቢጫ፣ ብዙ ያያታል፣ ለምን ዋሸሽ አይልም።

ደርቃለች፣ ይላል። ውሃ አልሰጠሻትም።

አልሰጠኋትም።

አንድ በግ አጥሩ ላይ አገጩን አስደግፎ ያያቸዋል። ቴልማ ፔርሙሱን ታወጣለች፣ የሁለት ሰው ሻይ፣ እስካሁን ይሞቃል፣ ለሱ በክዳኑ ትቀዳለታለች፣ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይጠጣል፣ ቁልፉን ይነካና ይተወዋል።

እንግዲህ የኔዋን አትፈልጊያትም።

አልፈልጋትም።

ታዲያ፣ ይላል፣ ድምፁ ስልክ ላይ እንደሚሆነው ሆኖ፣ እሁድ ምን ይዤ ልምጣ?

ባዶ እጅህን፣ ትላለች። ባዶ እጅህን ና።