መምህር ይገለጻል

ማስታወቂያ የወጣለት ሥራ ባለቤት ያለው ሥራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር ገና ሥራ ፈልጎ አያውቅም ማለት ነው። ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የምታዩት ክፍት ቦታ ሁሉ፣ ሙጫው ሳይደርቅ የእገሌ አማች ወይ የእገሊት የወንድም ልጅ ተቀምጦበታል፤ ማስታወቂያው የሚወጣው ለደንቡ ያህል ነው። ስለዚህ አንዲት ነርስ ባሏን መክራ የላከችው ባልወጣው በኩል ነበር። «የወጣውን ተወው። ሄደህ ያልወጣውን ጠይቅ» አለችው፣ የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለች።

ባሏን ረዥሙ እንበለው፤ ተማሪዎቹም የሚጠሩት እንደዚያ ነው። በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ የሚያስተምረው ግን በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ተኪዶ በሚደረስበት ትንሽ ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሚስቱ ደግሞ እዚህ ዋና ከተማው ትልቁ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ሆስፒታሉ እሷን አይለቅ፣ ትምህርት ቤቱ እሱን አያዛውር፣ ትዳራቸው መናኸሪያ ላይ ቀርቶ ነበር። ልጃቸው ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷን የምታውቀው ሻንጣ ይዞ ሲመጣና ሻንጣ ይዞ ሲሄድ ስለሆነ «እንግዳው» ትለዋለች። ማታ ማታ አብራው ስትጫወት ታመሽና እንቅልፏ ሲመጣ ጫማውን ከአልጋ ሥር ጎትታ አውጥታ በሩ ጋ ታስቀምጥለታለች፤ ሲሄድ እንዳይቸገር ብላ ነው። ጨዋ ልጅ ናት፣ ምን ይደረግ። እሱ ግን ያን ጫማ ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል።

እናም ያለ ደመወዝ የአንድ ሴሚስተር ፈቃድ ወስዶ መጣ። ሴሚስተሩ ሳያልቅ እዚህ ሥራ ካገኘ አገኘ፤ ካላገኘ ያው ሻንጣ፣ ያው አውቶቡስ፣ ያው እንግድነት።

የዩኒቨርሲቲው ስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ጥገና የሚያስፈልገው ሆኗል። ጸሐፊዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለችው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛውም ቀን። ረዥሙ ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ቁጭ ብሎ ደጅ ጠና። ደጅ የሚጠና ሰው የማያነበው ነገር የለምና ፊት ለፊቱ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም በቃሉ ያዘው። የትምህርቱ ዓይነት፣ ክፍሉ፣ ሰዓቱ፣ መምህሩ። የመምህሩ ስም በሚጻፍበት ረድፍ ላይ፣ ከስታቲስቲክስ ኮርሶች ሁሉ ትይዩ፣ «ይገለጻል» ይላል።

ይሄስ ደህና። ማንም መሥሪያ ቤት ያልወሰነውን ነገር ይገለጻል ብሎ ይለጥፋል። ጉዱ ያለው ከፕሮግራሙ ጎን፣ በመስታወት ታስሮ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ላይ ነው። «የዓመቱ ምርጥ መምህር፦ መምህር ይገለጻል» ይላል። ፎቶ በሚገባበት ቦታ የአበባ ሥዕል ገብቷል።

ረዥሙ ጸሐፊዋን ጠየቃት። እሷም ምንም የሚያስቅ ነገር እንደሌለ ሁሉ አስረዳችው። ተማሪዎች በየሴሚስተሩ መጨረሻ ለመምህሮቻቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ይገለጻል አርፍዶ አያውቅም፣ ተማሪ ሰድቦ አያውቅም፣ ክፍል ውስጥ ስልክ አያነሳም፣ ለሁሉም እኩል ቢ ይሰጣል። ኮምፒዩተሩ ደምሮ አንደኛ አወጣው፤ ሰርተፊኬቱም ታተመ። ሽልማቱን ማን ተቀበለለት ሲላት፣ ኃላፊው ወክለውት ተቀበሉ አለችው።

በአራተኛው ቀን ኃላፊው ተገኙ። ጠና ያሉ፣ ሰው ሲያናግሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁና ሰውየው ሲናገር የሚያጠልቁ ሰው ናቸው። ረዥሙ ዲግሪውን አሳይቶ፣ የልጁን ነገር ሳይቀር ነግሮ፣ ማስታወቂያ ያልወጣበት የማስተማር ሥራ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ቦታ የለም አሉት።

«ታዲያ፣ ዶክተር፣ ይሄ ይገለጻል የሚለውስ?»

«እሱማ ተይዟል፣ ልጄ።»

«በማን?»

«በእኛ መስማማት» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ሥሩ ይህ ነው። ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ሦስት አንጋፋ መምህራን አሉ፤ ኃላፊው አንዱ ናቸው። ያቺ ቦታ ክፍት የሆነች ጊዜ አንደኛው ለአማቻቸው፣ ሁለተኛው ለእህታቸው ልጅ፣ ኃላፊው ለአክስታቸው ልጅ አሰቧት። አንዱ ቢቀጠር ሁለቱ ሊኳረፉ ሆነ። ስለዚህ ተማከሩና ማንም እንዳይቀጠር፣ ማስታወቂያም እንዳይወጣ ተስማሙ። ኮርሶቹ በይገለጻል ስም ይመዘገባሉ፤ ሦስቱም በየተራ ሸፍነናል እያሉ በትርፍ ሰዓት ቅጽ ላይ ይፈርማሉ፤ ክፍሉን የሚሸፍነው ግን ጣሪያው ብቻ ነው። ፈተናው የአምናው ነው፣ ውጤቱ ቢ ነው፣ ተማሪው ደስተኛ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ ሌሎች፤ እነዚህ ግን ከሰማይ ላም ወተት ማለብ የቻሉ ሰዎች ናቸው። ደግመው ደጋግመው ስላለቡም ኃላፊው ይህን ሁሉ ለእንግዳ ሰው ሲነግሩ ትንሽ እንኳ አላፈሩም።

በመጨረሻ ግን ረዥሙን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ ይሄ ደግሞ ጊዜ ይወስድባቸዋል፣ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ቅጥር የለም። ግን ክፍል ገብቶ ቢያስተምር ማን ይከለክለዋል? ልምድ ያገኛል፣ ፊቱ ይታወቃል፣ ከዚያ እናያለን። «እናያለን» የሚለው ቃል ስንቱን ሰው እንዳሸበተ እናንተም ታውቁታላችሁ። ረዥሙም ያውቃል። ግን በር ላይ ያለችው ጫማ ትዝ አለችውና ማርከሩን ተቀበለ።

ሚስቱ ማታ፣ ተቀጠርክ ወይ ብላ ጠየቀችው። «ገባሁ እንጂ አልተቀጠርኩም» አላት። እሷም፣ አንዴ ከገባህ የሚያስወጣህ የለም አለችው፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን ግን እያወቀች ሆዷ ውስጥ አስቀረችው።

የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ውስጥ ያገኘው ጸጥታ ፈልገው የተኙ አምስት ልጆችና ስልኳን ቻርጅ የምታደርግ አንዲት ልጅ ነበር። ሰላም ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አንደኛው ቀና ብሎ ክፍል ተሳስተሃል ሊለው ምንም አልቀረውም ነበር። ወሬው ግን በአንድ ቀን ግቢውን አዳረሰ፤ ይገለጻል በአካል መጣ፣ ረዥም ነው፣ የቤት ሥራ ይሰጣል ተባለ። ተማሪው መጀመሪያ ለጉድ ሊያየው መጣ፤ ከዚያ ስም መጥራት ሲጀምር በግዱ መጣ። አንዳንዱ እያማረረም ቢሆን አንድ ሁለት ነገር ገባው። ረዥሙ ሲያስተምር ደስ ይለዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥልቀቱ በአማካይ ሠላሳ ሴንቲሜትር የሆነ ወንዝ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚሰምጥ ሲያስረዳ፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ስልካቸውን ያስቀምጡ ነበር።

ስሕተት የሠራው ፈተና ላይ ነው። አዲስ ፈተና አወጣ። ይባስ ብሎ አረመው። የተማረ ሰው እኮ አንዳንዴ የሚያደርገውን አያውቅም! ኤ ያገኘ አለ፣ ሲ ያገኘ አለ፣ የወደቀም አለ። ተማሪው በሰልፍ ወደ ዲኑ ሄደ። አቤቱታቸው አጭር ነበር፤ መምህር ይገለጻል ድሮ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ዘንድሮ ጠባያቸው ተለወጠ።

ዲኑ ለቦታው አዲስ ናቸው። የቀድሞ ሪፖርቶችን ሁሉ አንብበው፣ ይገለጻል የሚባል የተመሰገነ መምህር እንዳላቸው አምነው የተቀመጡ ቅን ሰው ናቸው። ኃላፊውን አስጠርተው፣ በስሙ ተመክቶ ተማሪ የሚያሰቃይ መምህር አልፈልግም፣ ይህ ሰው በሥርዓቱ ይባረርልኝ አሉ።

አሁን ኃላፊው ምን ይበሉ? ሰውየው የለም ቢሉ፣ ያ ሁሉ ዓመት ማን አስተማረ? ሰርተፊኬቱን ማን ወሰደ? ትርፍ ሰዓቱስ? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። እሺ ብለው ወጡና ሮጠው ወደ ሰው ሀብት ወረዱ። የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች መዝገቧን አገላበጠችና፣ በዚህ ስም ፋይል የለም፣ ፋይል የሌለውን ሰው ማባረር አይቻልም፣ መጀመሪያ ይቀጠር አለቻቸው።

ረዥሙ በዚያን ሰዓት ማርከሮቹን ለጸሐፊዋ ሊመልስ መጥቶ ነበር። ሴሚስተሩ አልቋል፣ ፈቃዱም አልቋል። ሻንጣው ቤት ተዘግቶ ተቀምጧል፣ የጠዋት አውቶቡስ ትኬት ኪሱ ውስጥ አለ። ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ኃላፊው እያለከለኩ ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ ልንቀጥርህ ነው።»

ረዥሙ እጁን ትኬቱ ወዳለበት ኪስ ሰደደ።

«ለማባረር ነው እንጂ» አሉ ኃላፊው፣ እንዳይሳሳት ብለው።

ሕይወቱን ሙሉ ሲጠብቃት የነበረች አንድ ፊርማ በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ሦስት ሆና መጣች። ያ አንጋፋ መምህር ፈረሙ፣ ይኼኛውም ፈረሙ፤ ሰውየው የማንም አማች አይደለም፣ ደግሞም ሊባረር ነው፣ ማን ይቃወማል? እንደዚያ ቀን ተፋቅረው አያውቁም። ቀሪው የረዥሙ የራሱ ፊርማ ነበር፤ እሱ ግን እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ከፈረመ የድሮ ትምህርት ቤት ሥራውን ያጣል። ከፈረመና ከተባረረ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እሱ መሆኑ ነው፤ ያኔ ለልጁ የሚያሳድጋት ቀርቶ የሚጎበኛት አባትም መሆን ያቅተዋል።

«እህቴ፣ ማባረሩ እንዴት እንዴት ነው የሚሄደው?» አላት ሠራተኛዋን።

ሠራተኛዋ እጇን አራግፋ ደንቡን አወጣች። መጀመሪያ የቃል ማስጠንቀቂያ አለ፤ እሱን የሚሰጠው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ካልተስማማ ለንዑስ ኮሚቴ ይመራዋል። ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ይግባኝ፣ የይግባኙ ውጤት ለቦርድ፣ ቦርዱ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ ነው የሚሰበሰበው። እስከዚያ ሠራተኛው ደመወዙን እየበላ ሥራው ላይ ይቆያል። ከዚህ ቢሮ በሥርዓቱ የተባረረ ሰው አይታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አሰበች፤ ከእሷ በፊት አንድ ሰው ተጀምሮለት ነበር፣ እሱም ጡረታ ወጣ አለችው።

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ናቸው?»

ጣቷን በወረቀቱ ላይ እየጎተተች ወርዳ ሰብሳቢ የሚለው ጋ ደረሰች። ወረቀቱን አዙራ አሳየችው፤ «ይገለጻል» ይላል። ረዥሙ አነበበና ፈረመ።

ቤት ሲደርስ መሽቶ ነበር። ሚስቱ ለጉዞው ያጠበችለትን ሸሚዝ እያጠፈች ነበርና ፊቱን ስታይ ተነሳች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ አልገባትም፣ ከዚያ ስለ ሰብሳቢው ሲነግራት ሸሚዙን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ እሱም አብሯት አለቀሰ። ልጅቷ በመካከላቸው ቆማ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ደግሞ በሩ ጋ ራሷ ያስቀመጠችውን ጫማ አየች። ሻንጣው ተከፍቶ ልብሱ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

«መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው።

አባቷ ተንበርክኮ ፊቷ ጋ ደረሰ። «ይገለጻል፣ የኔ እናት» አላት።

ቃሉ አልገባትም። ግን የእናቷን ፊት አየችና አንዳች ነገር ገባት፤ ሄዳ ከባዱን ጫማ በሁለት እጇ ታቅፋ እየተንገዳገደች ተመለሰች፣ በሆዷ ተኝታም ወደ አልጋው ሥር፣ ከእናቷ ጫማ ጎን ገፋችው።