አንድ ቃል ለማላላት

ለዓይነ ስውሩ ታላቅ ወንድሟ መጽሐፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ትሠራለታለች። ከጻፈችው ኮድ አንዲት መስመር ባረመች ቁጥር ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን በሙሉ እንደ አዲስ ሲገነባ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሊሞክርላት የመጣው ወንድሟ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ታገሠኝ።»

«ስታገሥ ጢሜ አደገ እኮ!»

ነገሩ ከነከናት። ኮምፒውተሩ ያልተነካውን ክፍል ቀድሞ እንደተገነባ እንዲወስድ፣ የተለወጠውን ብቻ እንዲገነባ አደረገች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ወንድሟ ሲገባ አንዲት መስመር አረመች፤ ኮቱን ሳያወልቅ የፕሮግራሙ ድምፅ ማንበብ ጀመረ።

«ደረሰ እንዴ?» አለ ደንግጦ። ጆሮውን ጥሎ ካዳመጠ በኋላ፣ «‹አለ›ን አጠበቀው፤ ‹ተናገረ› ለማለት እኮ ይላላል» አላት።

አስተካከለችው፤ ወዲያው ደረሰ። ሌላ ስህተት ነገራት፤ እሱም ታርሞ ደረሰ። እሱ እየነገራት፣ እሷ እያረመች እስከ ምሳ ቆዩ፤ ወንድሟም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነጫነጭ ወደ ቤቱ ሄደ።