በሐዲዱ ስር

«አልቀመጥም» አለ የሐዲድ ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሞ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዷል። «አባትሽ መቼ ነው የተቀበረው?»

ለቀስተኛው ወሬውን አቋረጠ። ሻይ ትቀዳ የነበረችው የልጅቷ አክስት ማንቆርቆሪያውን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለች ልጅቷ።

የሰውየው ከንፈር ነጣ። «ትናንት ረፋድ ላይ ሐዲዱ ዳር ችካል ሲመታ አየሁት።»

ልጅቷ ተቆጣች። ይህን ሰው በደንብ ታውቀዋለች። አባቷ የመስኖ ቀያሽ ነበር። ከወንዙ የተቆፈረው ቦይ ሐዲዱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ ማዶ ያለው ማሳ ዘጠኝ ዓመት ደርቆ ከረመ። በሕጉ የመስኖ ውሃ በሐዲድ ስር መተላለፊያ አይከለከልም፤ ባቡሩን ሳያስተጓጉሉ ቱቦ መቅበር፣ ከዚያም መሬቱን እንደነበረ መመለስ ነው። አባቷ ያስገባው የፈቃድ ጥያቄ ግን ከዚህ ሰው መሳቢያ አልወጣም።

«ኧረ ተወው፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ሲሉት አባቷ ይስቅ ነበር። «እኔ የምወቅጠው ውሃውን ነው እንዴ? ቢሮውን ነው እንጂ!»

ባለፈው ሳምንት ከዚያው ቢሮ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም አለ። በዚያው አልተነሳም።

«ሌላ ሰው ይሆናል ያዩት» አለች አክስቷ።

«ሌላ ሰው በስሜ ጠርቶ ‹ለባቡርህ አትስጋ፣ እንደነበረ እመልሰዋለሁ› ይለኛል?» ሰውየው ከኮቱ ውስጥ ወረቀት አወጣ። ፈቃዱ ነበር፤ ተፈርሞበታል።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ይዞዎት ነው?» አለች ልጅቷ።

«ምንም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ይለምነኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሕጉን ብቻ ነበር የሚያነብልኝ።»

ልጅቷ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። «ቦታውን ያሳዩኝ።»

«ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ የት ልትሄጂ?» አለች አክስቷ። ልጅቷ ግን በሩን አልፋ ወጣች።

ቦታው ሲደርሱ እኩለ ቀን ሆኗል። ነፋስ የለም፤ ወፍ እንኳ አይጮህም። ተቆጣጣሪው ቀድሟት ወጥቶ ሐዲዱ ላይ ቆመ። እሷ ከታች ቀረች። ችካሎቹ ከደረቁ ቦይ ጫፍ ተነስተው እስከ ሐዲዱ ድረስ ሁለት ረድፍ ሆነው ተተክለዋል። በመሀላቸው ለአንድ ሰው የምትበቃ መንገድ አለች። ገብታ ጎንበስ አለችና አፈሩን ነካችው። እርጥብ ነው። ዝናብ ከጣለ አራት ወር አልፎታል።

ከኋላዋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አባቷ በጠባብ መተላለፊያ ላይ ሰው ሲዘጋበት «እለፉ» ማለት አይሆንለትም ነበር፤ እንዲህ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር እንጂ።

ቀና ስትል ተቆጣጣሪው ከእሷ ኋላ ያለውን እያየ ሲንበረከክ ተመለከተች።

እሷ አልዞረችም። እንባዋ እየወረደ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አደረገችና ከችካሎቹ መሀል ፈቀቅ አለች።