ለአጥንቴ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሚስቴ ጀማነሽ ሰው የማይሞክረውን ትሞክራለች። የፕሮስቴት ካንሰሬ ወደ አጥንት ተሠራጭቶ እንደሆነ ለማወቅ በተነሣሁት ምስል ላይ አራት ጥቁር ነጥቦች መታየታቸውን በስልክ ስትሰማ አላለቀሰችም። ሽማግሌ ላከች።

ውጤቴን ልሰማ ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለው የምርመራ ማዕከል ስገባ፣ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ገበያውና ቡልጋሪያ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ሙሐሲን ከዶክተሯ ጠረጴዛ ፊት ተገትረዋል። በንዴት ጆሮዬ ጋለ። አርባ ዓመት ሙሉ ካዛንቺስ ውስጥ ባልና ሚስት ያስታረቅኩት እኔ ሀይሉ ነኝ። እነዚህ ሁለቱ ከኋላዬ ቆመው "ልክ ነው" ከማለት ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ምን ላድርግ፣ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

"ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ" አለች ዶክተር ደሊና።

"እሺ ካላልሽን አንቀመጥም" አለ ገበያው።

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"ነጥቦቹን። አራት በዛ። ማለቴ፣ ሰውየው ጡረተኛ ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዶክተሯ ግን ጨዋ ያሳደጋት ናት፤ ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ አልሆነላትምና እሷም ተነሣች። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው።

"አቶ ሀይሉ፣ ወድቀው ያውቃሉ?"

"አምና ስታዲየም ጋ፣ ከሚኒባስ ስወርድ።"

"የጎን አጥንትዎ ላይ ያለችው እሷ ናት። ስብራት ሲድንም እንዲህ ይታያል። ካንሰር አይደለም።"

ገበያው ሙሐሲንን በክርኑ ጎሸም አደረገው። "አንድ ለቀቀች።"

"አላህ ይስጥሽ ልጄ" አለ ሙሐሲን። "ጉልበቶቹስ? ጉልበት እኮ የሁላችንም ችግር ነው።"

"የጉልበቶቹ ሁለቱም የዕድሜ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ ቀድሜ ጽፌዋለሁ፣ እናንተ ስለለመናችሁኝ አይደለም።"

ማን ይስማት! ሁለቱ ተጨባበጡ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሳቅኩ። ሦስት ወር ሙሉ አልሳቅኩም ነበር።

"በይ እንግዲህ" አለ ገበያው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "የወገቡን ጨርሺልንና እንቀመጥ።"

ዶክተሯ ስክሪኑን ትታ እኔን አየችኝ።

"ይቺን አልችልም አባቴ። ኋላ ባነሣንዎት ኤምአርአይም ላይ አለች። ካንሰሩ ወደ አጥንት ሄዷል።"

ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ ቀረ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

"የታሰበው ቀዶ ጥገና ይቀርና በመድኃኒት እንይዘዋለን" አለች ቀስ ብላ። "ፈጽሞ አያጠፋውም። ጊዜ ግን ይሰጣል።"

"ስንት?" አለ ሙሐሲን።

"ከሰው ሰው ይለያያል። ቁጥር መናገር አልችልም።"

"ሃያ ዓመት" አለ ገበያው።

"አባቴ፣ እኔ እኮ..."

"በቃ፣ አሥራ አምስት።"

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

"አሥር።"

የገበያው ችግር ይኸው ነው። ድሮም ካሳ ስንደራደር ማንም ሳይገፋው ይቀንስ ነበር። አፉ ለስምንት ሲከፈት አየሁት። ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት።

"ከአሥር እንዳትወርድ" አልኩት። "እሺ እስክትለን አንቀመጥም።"