በቀጥታ ከሴቶቹ ክፍል

ከስቱዲዮው የተላከችው ልጅ፣ ሚስጥር፣ የስልክ ማቆሚያውን ሦስት እግር ዘርግታ ከመስኮቱ ሥር ስታቆመው ሀኒፋ ከፍራሹ ጥግ ሆና “ጠማማ ነው” አለች በሆዷ። ጠማማ አልነበረም። ሀኒፋ ግን ዛሬ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ማየት አልፈለገችም። የዩስራን የሰርግ ጥሪ የተቀበለችው ሩዙን ለመብላትና ሙሽራዋን ለመመረቅ ብቻ አልነበረም። የድሮ ሸሪኳ ጅብሪል ሲሳሳት በዓይኗ ለማየት ነበር የመጣችው።

በጭሮም ሆነ በገለምሶ፣ በበደሳም ሆነ በቦኬ፣ የሙስሊም ሰርግ ሲደገስ የሴቶቹን ክፍል የምትቀርጸው ሀኒፋ ነበረች። ወንድ ካሜራማን ከመጋረጃው አያልፍም። ሴቶቹ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሻሻቸውን ያወልቃሉ፣ ፀጉራቸውን ይለቃሉ፣ ሂና በተቀባ እጃቸው ድቤ እየመቱ ላብ በላብ እስኪሆኑ ይጨፍራሉ። ያንን ቪዲዮ ሀኒፋ ቤቷ ወስዳ፣ በሯን ቆልፋ ታቀናብረዋለች። ለሙሽራዋ እናት ካስረከበች በኋላም ከኮምፒውተሯ ላይ ታጠፋዋለች። ጅብሪል እንኳ የስቱዲዮው ሸሪክ ሆኖ ሳለ አንዱንም አይቶ አያውቅም። የሙያዋ ግማሽ ካሜራ መያዝ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ አፍ መያዝ።

ከዚያ ላይቭ መጣ። እውነቱን ለመናገር ጅብሪል ያለ ምክንያት አልተለወጠም። ሰው ሲዲ መቀበል ትቷል፤ ማጫወቻው የቁም ሳጥን አናት ላይ አቧራ ይጠጣል። ጅዳና ሪያድ ያለው ዘመድ ሰርጉን በዕለቱ፣ በሰዓቱ ማየት ነው የሚፈልገው። ጅብሪል ድሮን ገዛ፣ ፔጅ ከፈተ፣ ወጣቶች ቀጠረ። አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስቦ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሳጥን በሳጥን እየሳለ “አዲሱ አደረጃጀታችን” አለ። ሀኒፋ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

“እኔስ የትኛው ውስጥ ነኝ?” ብላ ጠየቀች።

“አንቺማ ከሳጥኑ ሁሉ በላይ ነሽ” አለና ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ “አቦ ሀኒፋ፣ አትቀየሚ። የሴቶቹን ክፍል እኮ አሁን ማንኛዋም ልጅ በስልኳ ትቀርጸዋለች” አላት።

በሳምንቱ “ሀኒፋና ጅብሪል ቪዲዮ” የሚለው ታፔላ ወርዶ “ጅብሪል ሚዲያ” የሚል ወጣ። የመጀመሪያው ካሜራ የተገዛው በሀኒፋ አምባር መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እሷም አላስታወሰቻቸውም። መናኸሪያው ጋ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የመታወቂያ ፎቶ ማንሳት ጀመረች፤ ቂሟንም እንደ ልጅ ታሳድገው ገባች። ማታ ማታ የጅብሪልን ፔጅ ትከፍትና ከሥር የተጻፈውን ታነባለች። አንድ ሰው “ድምፁ አይሰማም” ብሎ ከጻፈ እራቷ ይጥማታል።

የሙሽራዋ እናት ረዲያ መሀል ክፍሉ ላይ ቆማ አጨበጨበች።

“እህቶቼ፣ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ አስገቡልኝ! የሚቀርጸው የስቱዲዮው ብቻ ነው። እሱም ጅዳ ላሉት እህቶቼ ነው፤ ለነሱ ብቻ በተላከ ሊንክ። ሌላ ማንም አያየውም፣ ተዝናኑ!”

ሴቶቹ እልል አሉ። ሀኒፋ ወደ ሚስጥር ጠጋ አለች።

“ሊንኩን የሚቆጣጠረው ማነው? አንቺ ነሽ?”

“ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እትዬ ሀኒፋ” አለች ልጅቷ። የዋህ ናት፤ የሀኒፋን ቦታ እንደወሰደች እንኳ የነገራት የለም። “ይሄ ስልክ ምስሉን መላክ ብቻ ነው። ጅብሪል ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ላፕቶፑን ይዞ ተቀምጧል። የወንዶቹን ወደ ፔጁ፣ የሴቶቹን ወደ ጅዳው ሊንክ የሚለቀው እሱ ነው። ድሮ የየራሳችን አካውንት ነበረን፤ አሁን ሁሉንም በአንድ አድርጎ እሱ ይዞታል።”

“ጎበዝ” አለች ሀኒፋ፣ ማንን እንዳለች ሳይታወቅ።

ድቤው ተመታ። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ዙለይኻ፣ የገለምሶ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው የፈይሩዝ ሚስት፣ ሒጃቧን አውልቃ ሀኒፋ ጭን ላይ ጣለችው።

“ሀኒፋዬ፣ ያዢልኝ እስኪ! ከወለድኩ ወዲህ ወገቤን አፍታትቼው አላውቅም።”

ቀይ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች። ረዲያም ገባች፤ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ልጇን አቅፋ ትዞራለች። ሀኒፋ ክፍሉ እስኪሞቅ ጠብቃ፣ ስልኳን ከሻርፗ ሥር አወጣችና የጅብሪልን ፔጅ ከፈተች። ጉንጫቸውን በጫት የወጠሩ ወንዶች አያለሁ ብላ ነበር።

ያየችው አረንጓዴ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ፊት ረዲያ፣ ራሷን ሳትሸፍን፣ ትዞራለች።

ቀና ብላ ክፍሉን አየች፤ ጎንበስ ብላ ስልኩን አየች። ያው ነው። ከምስሉ በላይ “ጅብሪል ሚዲያ፣ በቀጥታ” ይላል። ሰውዬው ሁለቱን አቀያይሯቸዋል! የጅዳ አክስቶች ይሄኔ የወንዶቹን ድንኳን እያዩ ነው፤ ሴቶቹን ደግሞ ስልክ ያለው ሁሉ።

መጀመሪያ የተሰማት ድንጋጤ አልነበረም። ደስታ ነበር። አለቀለት! ከዛሬ በኋላ ጅብሪልን የትኛው አባት ቤቱ ያስገባዋል? ድሮኑን ቡና ማሳ ላይ ወፍ ያባርርበት። ታፔላውንም ራሱ ያወርደዋል፤ እሷም ከክፍሏ በር ላይ ወንበር አውጥታ ሲያወርድ ታየዋለች። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ምንም ማድረግ አልነበረባትም። መቀመጥ ብቻ ነው። እኔ አልለቀቅሁት፣ አለች በሆዷ። እኔ ሳጥኑ ውስጥ የለሁም።

ዘፈኑ ቀጠለ፤ ሀኒፋም ተቀመጠች። የሚያዩት ሰዎች እየበዙ ሄዱ፤ ከምስሉ ሥር ጽሑፉ ይወርዳል።

“ማሻ አላህ።”

“ኧረ ይሄ የሴቶች ነው፣ አጥፉት!”

“ዝም በል አቦ፣ ይቀጥል።”

“ሙሽራዋ የቷ ናት?”

በምስሉ ዳር አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ጥቁር ጨርቅ አለ፤ ስልክ ታያለች። ሀኒፋ ራሷን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ዘፈኑ አልቆ ሌላ ሲነሳ ደግሞ ይህ መጣ፦

“ቀይ ቀሚስ የለበሰችው የፈይሩዝ ሚስት አይደለችም እንዴ?”

ከሥሩ አንዱ “ናት” ብሎ መለሰ። ሌላው የሚስቅ ፊት ለጠፈ። ሌላው የፈይሩዝን ስም ጠርቶ “ና እይ” አለው።

ሀኒፋ ተነሳች። በጭፈራው መሀል፣ ትከሻ እየገፋች፣ እግር እየረገጠች አለፈችና የዙለይኻን ሒጃብ በስልኩ ላይ ጣለችው። ጨርቁ ማቆሚያውን ጭምር አለበሰው።

“እትዬ፣ ምን ሆንሽ?” አለች ሚስጥር።

ሀኒፋ የራሷን ስልክ አሳየቻት። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ የጨርቁን ሥር ደባብሳ ስልኩን አጠፋችው። ሴቶቹ ካሜራው ያረፈ መሰላቸው እንጂ ድቤውን አላቆሙም።

“ጥሪው” አለች ሀኒፋ። “እዚህ በር ድረስ ይምጣ።”

ጅብሪል በጓሮ ዞሮ፣ በማብሰያው በኩል እየሮጠ መጣ። ሀኒፋ ከመጋረጃው ውጭ፣ በጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ጠበቀችው። ሚስጥር ከኋላዋ ቆማለች። ሰውየው ጫቱን እንኳ አልተፋም፤ ግንባሩ ወዝቷል።

“አጥፍቼዋለሁ” አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። “ከፔጁ ላይ አንስቼዋለሁ። ወላሂ ማንም አላየውም።”

“ማንም? የፈይሩዝን ስም የጠራው ጂኒ ነው?”

“ቀስ በይ፣ አቦ! ይሰማሉ።” መጋረጃውን በፍርሃት አየው። “ስሚኝ ሀኒፋ። ይሄ ነገር እዚህ ይቅር። በድዬሻለሁ፣ አውቃለሁ። ስምሽን ታፔላው ላይ እመልሳለሁ።”

“ድገመው።”

“ስምሽን እመልሳለሁ። ሸሪክነትሽንም። ሰኞ ጠዋት ውልና ማስረጃ ሄደን እንፈራረም። የሴቶቹ ክፍል በሙሉ ባንቺ ሥር ይሁን፤ እኔ አልገባበትም።”

ሀኒፋ ይህን ቃል ስትመኘው ከርማለች። በእንቅልፍ ልቧ ሳይቀር ሰምታዋለች። አሁን በጆሮዋ ስትሰማው፣ ያውም እንዲህ አልቦት፣ ጣማት፤ እንደገናም ልታስደግመው ከጀላት። ሩብ ያህሉ ልቧ “እሺ በይው” አላት። ከዚያም በላይ ሳይሆን አይቀርም።

“ሰው ቢጠይቅስ? ምን ልትል ነው?”

ጅብሪል ወደ ሚስጥር ሳያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ከልጅቷ ስልክ ነው የተሳሳተው እንላለን። ክርስቲያን ናት፣ ደንባችንን አላወቀችም ይባላል። ሰውም ይቅር ይላታል። ለአንድ ሁለት ወር ከከተማው ዞር ብትል ይበቃል።”

“ጅብሪል!” አለች ሚስጥር። “እኔ እኮ የነገርከኝን ነው የሠራሁት!”

“አንቺ ዝም በይ።”

ሀኒፋ ልጅቷን ዞራ አየቻት። ደም ከፊቷ ሸሽቷል። ከአንድ ሰዓት በፊት ማቆሚያዋ ጠማማ እንዲሆን የተመኘችላት ልጅ ናት።

“አልሆነም” አለችው። “ረዲያ ታውቃለች። ሁሉም ያውቃሉ።”

ያን ጊዜ የጅብሪል ፊት ተለወጠ። ልመናው ከላዩ ላይ ወረደና የድሮው፣ ነጭ ሰሌዳው ፊት የቆመው ሰውዬ ብቅ አለ።

“ይወቁዋ! ግን አንቺ መቼ ነው ያየሽው? አንድ ዘፈን ሙሉ ተቀምጠሽ ነበር። ቅጂው እኔ ጋ አለ። ጥግ ላይ ሆነሽ ስልክሽን ስታዪ ቁልጭ ብለሽ ትታያለሽ። እኔ ተሳሳትኩ፤ አንቺ ግን እያወቅሽ ነው። የቱ ነው የሚብሰው? ከተናገርሽ ተያይዘን ነው የምንወድቀው።”

እውነቱን ነው። ይህን ሰውዬ እውነት ሲናገር መስማት ሀኒፋን ከስድቡ በላይ አንገበገባት። በዚህች ከተማ ያላት ሀብት የሴቶች እምነት ብቻ ነው፤ መናኸሪያ ጋ ፎቶ ለማንሳት ስትቀመጥ እንኳ “ያቺ አፏን የምትይዘው” እየተባለች ነው። ዝም ካለች ታፔላውም ስሙም ይመለሳል። ከተናገረች ጅብሪል ይጠፋል፤ እሷም አብራ።

ከመጋረጃው ውስጥ የዙለይኻ ሳቅ ተሰማ። “ሒጃቤን ማን ወሰደብኝ?” እያለች ትስቃለች። እንግዲህ ትንሽ ቆይታ ጨርቋን ታገኛለች፣ ትለብሳለች፣ ቤቷ ትሄዳለች። ፈይሩዝ በር ላይ ስልኩን ይዞ ይጠብቃታል። ምን እንደሚጠብቃት ሳታውቅ፣ እየሳቀች ትገባለች።

“ና ግባ” አለችው ሀኒፋ።

“የት?”

“ውስጥ ነዋ። የለቀቅከው አንተ ነህ፤ ራስህ ትነግራቸዋለህ። ባሎቻቸው ከመስማታቸው በፊት ይስሙ።”

“አብደሻል? ሴቶች እኮ ናቸው! ራሳቸውን አልሸፈኑም!”

“ይሄ አሁን ትዝ አለህ?”

ጅብሪል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከኋላው ግን ሚስጥር ዞራ መውጫውን ይዛ ቆማለች፤ እያለቀሰች፣ ግን ቆማለች።

“ያንቺንስ?” አለ ጅብሪል በተሰበረ ድምፅ። “ያንቺን ማን ይናገራል?”

“የኔን እኔ እናገራለሁ። አንተ ስትጨርስ።”

ሀኒፋ መጋረጃውን በአንድ እጇ ገለጥ አድርጋ ራሷን አስገባች።

“ሴቶች!” ብላ ጮኸች። “ተከናነቡ፣ ወንድ ሊገባ ነው!”

ድቤው ቆመ። ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ፤ ሻሽ ፍለጋ፣ ሻርፕ መቀማማት፣ አንዷ የሌላዋን ስትለብስ ሳቅ። ረዲያ “ማነው እሱ? ምን ሆናችኋል?” እያለች ፀጉሯን ሸፈነች። ዙለይኻ ሒጃቧን ከማቆሚያው ላይ አግኝታ ጎተተችው።

ሀኒፋ የመጨረሻዋ ሴት ሻሿን እስክታስር ድረስ መጋረጃውን ይዛ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጅብሪል ዞራ “ቅደም” አለችው።